ፊደሏን ሳታጣሩ ብር አትበትኑ!

ዛሬ የፍቅርና የትዳሩ ጉዳይ ትንሽ ይረፍና ስለ ኮምፒዩተር እንጫወት። የምናወራው ግን ደብዳቤ ስለሚጻፍበት ኮምፒዩተር አይደለም፤ ጌም ስለሚጫወተውና «ኦቨርክሎክ» ስለሚደረገው ነው። ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው።

ይህን ያነሳሁት አንድ ወጣት አንባቢ የላከልኝ ደብዳቤ ስላሳሰበኝ ነው። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቱ ለበዓል ልትመጣ ነው። «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ስትለው የመረጠው ኮር አይ 5 13400ኤፍ ፕሮሰሰርና ዜድ 790 ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ ነው። «ዜድ ከሁሉም ይበልጣል ብለውኛል፤ ዋጋው ወደድ ቢልም በኋላ ኦቨርክሎክ አደርገዋለሁ» ይላል።

ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ። ይህ ግዢ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ማዘርቦርዱ ኦቨርክሎክ ይፈቅዳል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ተቆልፎ የተሠራ ነው። በደንበኛው መንገድ ኦቨርክሎክ አይደረግም። የእህትህ ላብ የፈሰሰበት ብር ለማትከፍተው በር ሊከፈል ነው ማለት ነው!

ለመሆኑ ቺፕሴት ምንድነው? ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ፕሮሰሰሩን ከዩኤስቢው፣ ከዲስኩና ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ ነው። ዱሮ ሥልጣኑ ከዚህም ይሰፋ ነበር። ራሙን የሚያስተዳድረው እሱ ስለነበረ ጥሩ ቺፕሴት ያለው ኮምፒዩተር እውነትም ይፈጥን ነበር።

የኦቨርክሎክ ዝናም የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኢንቴል 440ቢኤክስ የሚባል ቺፕሴት አወጣ። ባሱ በ100 ሜጋኸርዝ ይሠራል። በዚያው ዓመት የወጣው ርካሹ ሴሌሮን 300ኤ ደግሞ ለ66 ሜጋኸርዝ ባስ የተሠራ ነበር፤ ማባዣው 4.5 ላይ ስለተቆለፈ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ ነው። ታዲያ ጨዋታው የገባቸው ልጆች ማባዣውን ትተው ባሱን ወደ 100 ከፍ አደረጉት። 100 ሲባዛ በ4.5 … 450 ሜጋኸርዝ! በርካሽ ዕቃ የውዱን ፕሮሰሰር ፍጥነት አገኙ።

ያ ዘመን ግን አልፏል። ኤኤምዲ በ2003 በአትሎን 64፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በመጀመሪያው ኮር አይ 7 የራሙን አስተዳደር ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። ስለዚህ ዛሬ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ በሁለት ደህና ማዘርቦርዶች ላይ ብትሰኩ፣ ቺፕሴቱ ስለተለየ ብቻ ጌሙ አይፈጥንም። ቺፕሴቱ የሚወስነው ስንት ዲስክና ስንት ዩኤስቢ እንደምትሰኩ፣ እንዲሁም ኦቨርክሎክ ተፈቅዶላችሁ እንደሆነ ነው።

እንግዲህ ፊደሎቹን ልብ በሉ።

በኢንቴል በኩል በሩ ሁለት ቁልፍ አለው። አንደኛው የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ «ኬ» መኖሯ ነው፣ እንደ 13600ኬ። ሁለተኛው የማዘርቦርዱ ቺፕሴት በ«ዜድ» መጀመሩ ነው፣ እንደ ዜድ 790 ወይም ዜድ 890። አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም። ቢ 760 እና ቢ 860 የፕሮሰሰሩን ማባዣ አያስነኩም፤ ራሙን ግን ከፍ ባለ ፍጥነት ማሠራት ይፈቅዳሉ። ኤች 610 ይህንንም አይፈቅድም።

በኤኤምዲ በኩል ነገሩ ለኪሳችን የተሻለ ነው። አብዛኞቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ያልተቆለፉ ናቸው። ማዘርቦርዱም የግድ ውዱ «ኤክስ» መሆን የለበትም፤ ቢ 550፣ ቢ 650 እና ቢ 850 ኦቨርክሎክ ይፈቅዳሉ። ኤ 520 እና ኤ 620 ግን ፕሮሰሰሩን አያስነኩም። «ቢ ከሆነ ይበቃል» ብላችሁም እንዳትሸወዱ፤ በ2025 የወጣው ቢ 840 ፊደሉ ቢ ሆኖ ሳለ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ማድረግን ይከለክላል።

እሺ፣ ጠያቂያችን ምን ይሻለዋል? እኔ የምመክረው 13400ኤፉን ይዞ ማዘርቦርዱን በደህና ቢ 760 እንዲለውጥ ነው። የተረፈውን ብር ግራፊክስ ካርዱ ላይ ይጨምር። የጌሙን ምስል የሚስለው እሱ ነውና ብሩ እዚያ ሲገባ በዓይን ይታያል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቢ 760 ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር 4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር 5 ራም ነው የሚቀበሉት። የአንዱ ራም በሌላው ላይ አይገባም።

«ኧረ እኔ ኦቨርክሎኩን ራሱን ነው የምፈልገው!» የምትሉ አላችሁ። መብታችሁ ነው፤ ደስታም አለው። ግን የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሙቀቱና ኃይሉ እስከፈቀደ ድረስ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይጨምራሉ። ለእኛ የሚተርፈው እንደ ሴሌሮኑ ዘመን ግማሽ እጥፍ አይደለም፤ ጥቂት ነው። ለጌም ስሙ የገነነው የ2023ቱ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ እንኳ ማባዣው አይነካም።

አደጋም አለው። በ2023 አንዳንድ ማዘርቦርዶች ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሰጥተው ዕቃው ተቃጠለ፤ ኤኤምዲም ከፕሮሰሰሩ ቮልቴጆች አንዱን 1.3 ላይ ገደበው። በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹን በቮልቴጅ መብዛት የተነሳ የሚጎዳቸውን ችግር በባዮስ ማስተካከያ ለማረም ተገደደ። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ምንም ሳይነኩ ነው የተጎዱት። እኛ በእጃችን ቮልቴጅ ስንጨምርማ አስቡት!

አዲስ አበባችን ደግሞ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ አንድ ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ዱባይ ካለው ያንሳል። መብራት ሄድ መጣ ሲልም ዕቃው ይጎዳል። ስለዚህ ከዜድዋ በፊት ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ደህና ማቀዝቀዣና ዩፒኤስ ይቅደሙ። ማዘርቦርድ ስትመርጡም ፊደሉን ብቻ አትዩ፤ በፕሮሰሰሩ መሰኪያ ዙሪያ ኃይል የሚያደላድሉት ክፍሎች ወፈር ያለ የብረት ማቀዝቀዣ ለብሰው እንደሆነ እዩ። ባዶአቸውን ከተቀመጡ ፊደሏ «ዜድ» ብትሆንም ለኦቨርክሎክ አትመኟት።

በመጨረሻ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ዕቃ የምታዙ ሁሉ «ጥሩውን ግዢልኝ» አትበሉ። የፕሮሰሰሩን፣ የማዘርቦርዱንና የራሙን ሙሉ ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል ጽፋችሁ ላኩ። ፕሮሰሰሩ አምራቹ ለዚያ ማዘርቦርድ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ደረሰኙንም እንድትይዝ ንገሯት። ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ «ተሳስቼ ነው፣ መልሺልኝ» ቢሏት አውሮፕላኑ ለማዘርቦርድ ብሎ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይሄ ነው!

ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።