ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ልዩ ልዩ

የመዝናኛ ክፍላችን የዲጄ ኮንትሮለር ሊገዛ አስቧልና፣ የሁላችን መዋጮ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቃል ይፈቀድልኝ። ሻጮች «ሚዲ አለው» ሲሉ «ከሁሉም ጋር ይሠራል» ያሉ ይመስላቸዋል። አይደለም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1983 የሴኩዌንሻል ሰርኪትስና የሮላንድ ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ሲነጋገሩ በካሊፎርኒያ የታየው ሚዲ፣ ያስማማው ፊደሉን ብቻ ነው፤ ይኸውም 16 ቻናሎችና ከ0 እስከ 127 የሚደርሱ ቁጥሮች ናቸው። በዲጄ ኮንትሮለር ላይ የማጫወቻው ቁልፍ የትኛው ቁጥር እንደሚሆን አልወሰነም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፋብሪካ ደስ ያለውን ቁጥር ይሰጣል፤ ሶፍትዌሩም ትርጉሙን የሚነግረው ማፒንግ የሚሉት ፋይል ከሌለው፣ ቁልፉን ቢደበድቡት መልስ የለም።

ሚክስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ራሱ ማፒንጉን ጽፎ ለሌላው ያካፍላል። አንዳንድ ኩባንያዎች ግን በዝርዝራቸው ያላስገቡትን መሣሪያ ለሙሉ ሥራ አይቀበሉም። ደኅናውን ዕቃ እንዲህ ማስጣል የንግድ ብልሃት ነው እንጂ የቴክኒክ ግዴታ ነው ብዬ አላምንም። (የድምፁ ድራይቨር ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።)

እንግዲህ ገዢዎቻችን በመብራቱ ብዛት ሳይማረኩ አስቀድመው ሶፍትዌሩን ይምረጡ፤ ያገለገለ ኮንትሮለርም ቢሆን ማፒንጉ ከተገኘለት አይናቁት፤ ሻጩም ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት በእኛው ኮምፒውተር ላይ ያጫውትልን።