የሚንፈራገጥ ውሻ ሁሉ አብዷልን?

በዚህ እትም ትንሽ መስሎ ባልና ሚስትን ስለሚያከራክር ጉዳይ እንመካከር።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውሻ የፍየሉ ጠባቂ፣ የሌሊቱ ዘብ ነው። ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ ግን አንዱ “አብዷል፣ ይገደል” ይላል፤ ሌላው “ጋኔን ነው” ይላል፤ ልጆች እያለቀሱ ሊያቅፉት ይሮጣሉ።

መንስኤው ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ ሰውን እንደሚይዝ ውሻንም ይይዛል፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። በሰሊጥ ማሳ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒትና የቆላው ሐሩርም ይጥሉታል። ከሁሉ የሚያስፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ይለቃል፤ ውሻው ጥቂት ግራ ተጋብቶ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ያበደው ግን ጠባዩ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ እያደር ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። መጀመሪያ ላይ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር፦

• ልጆችን አርቁ። ምላሱን አይውጥምና እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ፤ ክብሪት ማሽተትም አይጠቅመውም።
• ሲለቀው ለብቻው ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ነው።
• ለሰው የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ለውሻም ያገለግላል፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ ይወስን።
• የተነከሰ፣ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቢኖር ቁስሉን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ያድናል፤ በሽታው በሰውየው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እንጸልይ፣ ክትባቱን ግን አናዘግይ።

ምሳሌ 12፥10 ለቤት እንስሳ መራራትን ከጽድቅ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ባልና ሚስት ውሻውን ለዱላ ከመስጠታቸው በፊት ተመካክረው ይወስኑ።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። በውሻው ላይ “ጋኔን” ስንል ልጆቻችን ይሰማሉ። ነገ በጉባኤ መካከል የሚጥል በሽታ ያለባት እኅት ስትወድቅ ያንኑ ቃል ይደግሙባታል። ማቴዎስ 4፥24 ግን አጋንንት ያደረባቸውንና ይህ ሕመም ያለባቸውን ለይቶ ይጠራል። እኛም እንለይ፤ በቤታችን ርኅራኄን እናስተምር።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።