በሞተር ብስክሌት ለሚጓዙ ሰዎች ስለሚስማማ የፀሐይ መነጽር

የፀሐይ መነጽር ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ዕቃ የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። በከተማ መንገድ በእግሩ ለሚመላለስ ሰው ይህ አሳብ ብዙ አያስቸግረው ይሆናል፤ ነገር ግን ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በጓሳ በኩል ወደ ጣርማ በር በሞተር ብስክሌት ለሚጓዝ ሰው መነጽሩ እንደ ፍሬኑና እንደ መብራቱ ያስፈልገዋል። በሞተር ብስክሌት ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ሕዝቡን የሚያገለግሉ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ስላሉ፤ ባለቤቶቻቸውና እናቶቻቸውም ስለ ጤንነታቸው ስለሚያስቡ፤ በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ የጓሳ ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። አልትራቫዮሌት የሚባለው፤ ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ እየበረታ እንደሚሄድ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። እንግዲህ በመንዝ ያለው ጨረር በባሕር ጠረፍ ካለው በሲሶ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ፀሐይም በሚያዝያና በነሐሴ በአገሩ አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች። የሚያታልለው ብርዱ ነው፤ በበርኖስ ተጠቅልሎ የሚንቀጠቀጥ ሰው ፀሐይ የምትጐዳው አይመስለውምና። ደመናው ሳሳ ባለ ጊዜም ጨረሩ ያልፋል። ይኸው ጨረር ብዙ ዘመን ሲያገኘው የዓይን ሞራ እንዲፈጠር፤ በዓይን ነጭ ላይም ሥጋ እንዲበቅል ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። በዚህ ላይ የጉዞው ነፋስና የጠጠር መንገድ አቧራ ሲጨመር ዓይን ይደርቃል፤ ቀጥሎም ያነባል፤ እንባ የሞላው ዓይን ደግሞ ጕድጓዱን ከጥላው አይለይም።

ከሁሉ አስቀድሞ ልናስታውቅ የምንወደው፤ የመነጽሩ ጥቍረትና ጨረር መከላከሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የዓይን ብሌን በብርሃን ጊዜ ይጠባል፤ በጨለማ ጊዜ ይሰፋል። ጨረሩን የማያግድ ጥቍር መነጽር ያደረገ ሰው፤ ብሌኑ ጨለማ መስሎት ይከፈትና ጨረሩ በሰፊ በር ይገባል። እንዲህ ካለው መነጽር ባዶ ዓይን ሳይሻል አይቀርም። በአንጻሩ ቀለም የሌለው ነጭ መነጽር እንኳ በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ ጨረሩን ሊያግደው ይችላል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «ዩቪ 400» የሚል ጽሕፈት ይፈልግ፤ ትርጓሜውም እስከ 400 ናኖሜትር ያለውን ጨረር ያግዳል ማለት ነው። ጽሕፈቱን ማንም ሊለጥፈው ስለሚችል፤ መለኪያ መሣሪያ ባለው የመነጽር ቤት አስመርምሮ መግዛት ይበልጣል።

የጥቍረቱ መጠን ከ0 እስከ 4 በሚደርስ ቍጥር ይለያል። 3 የተባለው ከብርሃኑ ከመቶ ከ8 እስከ 18 እጅ ብቻ ያሳልፋል፤ ለመንዝ የቀትር ፀሐይ የሚበቃው ይህ ነው። 2 የተባለው ከ18 እስከ 43 እጅ ስለሚያሳልፍ ለደመና ቀን ይስማማል። 4 የተባለው ግን በበረዶ ተራራ ላይ ለሚወጡ ሰዎች የተሠራ ስለ ሆነ፤ ከመቶ ከ8 እጅ በላይ አያሳልፍምና ለሚነዳ ሰው አይፈቀድም።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የጣርማ በርን ዋሻ ማሰብ ይበቃል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን የተቈፈረው ይህ ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከመሐል ሜዳ መጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ነጂ ከደጋው ብርሃን በድንገት ወደ ጨለማ ይገባል፤ ከፊቱም ከባድ መኪና ሊመጣበት ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይራመዳል። ዓይኑ ጨለማውን ለመልመድ 3 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ፤ ነጂው 33 ሜትር በዳበሳ ሄደ ማለት ነው። ከዋሻው በፊት ዳር ይዞ ቆሞ መነጽሩን በነጩ መለወጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በብርሃን ጠቍሮ በጥላ የሚነጣውን መነጽር የሚያምኑ ሰዎች አሉ፤ እኛ ግን ለዚህ አገር አንመርጠውም። እንዲህ ያለው መነጽር በብርድ ጊዜ ይበልጥ ይጠቍራል፤ ለመንጣትም ይዘገያል። ከራስ ቁር መስተዋት በስተ ኋላ ሲሆን ደግሞ፤ መስተዋቱ ጨረሩን ስለሚያስቀርበት እንደሚገባ ሳይጠቍር ይቀራል።

መስተዋቱ ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ጠንካራ ነገር የተሠራ ቢሆን መልካም ነው፤ ተራ ብርጭቆ ጠጠር ቢመታው ወይም ነጂው ቢወድቅ ተሰባብሮ ዓይን ይወጋል። ፖሊካርቦኔት ቶሎ ስለሚጫር፤ አቧራውን በነጠላ ጫፍ ከመጥረግ በፊት በውሃ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ ግራጫ ሲሆን የነገሩን መልክ አይለውጥም፤ ቡናማ ሲሆን የጠጠሩን መንገድ ጐድጓዳና ጕብታ አጕልቶ ያሳያል። ፖላራይዝድ የተባለው የእርጥብ አስፋልትን ነጸብራቅ ሲያጠፋ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይትን ወይም የጧት ውርጭን ብልጭታ አብሮ ሊደብቅ ይችላል።

ለባልዋ ወይም ለልጅዋ መነጽር ለመግዛት ያሰበች እመቤት፤ ሰውየውን ከነራስ ቁሩ ወደ ሱቅ ይዛው ብትሄድ ይሻላል። የመነጽሩ ክንድ ቀጭንና ቀጥ ያለ ካልሆነ የራስ ቁሩ ይጫነውና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጆሮ ግንዱን ያሳምመዋል፤ ሰውየውም አውልቆ በኪሱ ይከተዋል። ከዚያም መነጽሩን በእጅዋ ራቅ አድርጋ ይዛ፤ በመስተዋቱ ውስጥ የበሩን መቃን እየተመለከተች ቀስ ብላ ታንቀሳቅሰው። መቃኑ የተጣመመ ወይም የተወዛወዘ መስሎ ከታየ መስተዋቱ ጕድለት አለበትና አትግዛው። ከፊት በጣም የተጣበቀውም ጥሩ አይደለም፤ በብርድ ጊዜ የትንፋሹ ላብ እንዲወጣ ጥቂት አየር ሊያሳልፍ ይገባዋል።

ስለ ጨዋነትም አንድ ነገር እንጨምራለን። በጥንት ዘመን የቻይና ዳኞች አሳባቸው ከዓይናቸው እንዳይነበብ በጢስ ቀለም ድንጋይ የተሠራ መነጽር ያደርጉ እንደ ነበር ይነገራል። በእኛ አገር ግን ከሞተር ወርዶ ከሽማግሌ ጋር የሚነጋገር ሰው ጥቍር መነጽሩን ሳያወልቅ ቢቀር እንደ ንቀት ይቈጠርበታል፤ አቤቱታ ሊሰማ የሄደ ሹም ከሆነማ ይብስበታል። የወለቀውን መነጽር በራስ ቁሩ ውስጥ ወይም በማኅደሩ ያኑረው፤ በሞተሩ ወንበር ላይ የተተወ መነጽር ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ባለቤቱ ራሱ ሲቀመጥበት ነው።