«መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ ነው የሚከብደው»

ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆቻችን «ገጹ ከበደ» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ካሽ ያደርገዋል»። ብሮውዘሩ ያወረደውን ፋይል ስልኩ ላይ ስለሚያስቀር በማግስቱ ገጹ ቶሎ ይከፈታል ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ዋይፋይ ላይ ለተቀመጠ ሰው እውነት ነው። ደባርቅ ላይ ግን ብዙ ሰው ሁልጊዜ «መጀመሪያ» ላይ ነው።

ርካሹ አንድሮይድ ሜሞሪው በፎቶና በቴሌግራም ቪዲዮ ሞልቷል። ቦታ ሲጠብ ቀድሞ የሚጣለው ካሹ ነው፤ «ስልኬ ተንቀራፈፈ» ላለ ሰውም ጓደኛው የሚመክረው ካሹን እንዲያጠፋ ነው። ሊንኩን ፌስቡክ ውስጥ እንዳለ ከከፈቱት ደግሞ ክሮም ያስቀመጠው አይረዳም፤ አፑ የራሱ ካሽ ስላለው ሁሉም እንደ አዲስ ይወርዳል። «ጄኬሪ የሚባለውን ኮድ ከጋራ ሰርቨር ካመጣነው ሌላ ሳይት ላይ ወርዶ ይጠብቀናል» የሚባለው ብልሃትም አብቅቶለታል። ክሮም በ2020፣ ፋየርፎክስ በ2021 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚን ምስጢር ለመጠበቅ ሲሉ ካሹን በየሳይቱ ለያይተውታል። ሳፋሪማ ከእነሱ በፊት አድርጎታል። ብልሃቱ ግን እስካሁን እንደ እውቀት ይነገራል።

የሚያናድደው፣ በካሽ የሚምሉት ሰዎች ራሳቸው ካሹን ሲያፈርሱት ነው። ሙሉውን ኮድ በአንድ ፋይል ጠቅልለው ይልካሉ። ከሳምንት በኋላ አንድ አዝራር ላይ ያለ ፊደል ሲታረም የፋይሉ ስም ይቀየራል፤ ብሮውዘሩ አዲስ ፋይል ስለሚመስለው ለአንድ ፊደል ሲባል ሁለት ሜጋባይት እንደገና ይወርዳል። «አሮጌው ገጽ እንዳይታይ» ብለው ፈርተው ሰርቨሩን ሁሉንም ነገር «ኖ-ስቶር» እንዲል የሚያዙም አሉ። ይህ ትእዛዝ ብሮውዘሩን ምንም እንዳታስቀምጥ ማለት ነው። ታዲያ ያ የተመካንበት ካሽ የቱ ነው?

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራና በየዳ ሲዘለቅ መሬቱ ገደልና ሸለቆ ነው፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ይቆማል። የኔትወርክ ማማው ሞገድ ተራራ አያልፍም። ስልኩ ከ4ጂ ወርዶ «ኢ» የምትለው ፊደል ላይ ሲቆም በሰከንድ መቶ ኪሎቢት ማግኘት መታደል ነው። በዚህ ፍጥነት ሦስት ሜጋባይት ገጽ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ ያውም ካልተቋረጠ። ግማሹ የደረሰ ኮድ ደግሞ አይሠራም፤ ሰውየው የሚያየው ነጭ ገጽና የምትሽከረከር ክብ ነው። ፓኬጁ ግን ቆጥሯል።

ከዚያ ሁሉ ጭነት ውስጥ ምን እንዳለ ገልጦ ማየት ነው። አራት ምልክት ለማሳየት ሙሉ የምልክት ስብስብ፣ ማንም ያልጠየቀው ተንሸራታች ፎቶ፣ ከሁሉም የሚገርመኝ የአማርኛ ፎንት። አንድሮይድ ኖቶ ኢትዮፒክን፣ ዊንዶውስ ኢብሪማን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ግን ስልኩ ውስጥ ያለውን ፊደል፣ ደማቁን ጨምረን፣ ደግመን እንልክለታለን። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሦስት መቶ ፊደል ያለው ማስታወቂያ አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት መስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ሲለቀቅ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎት ነበር። የጎንደር ተማሪ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጎ፣ በሰው ኮምፒውተር ወይም በተዋሰው ስልክ ማየት ነበረበት። በሰው ዕቃ ላይ የማን ካሽ ይጠብቀዋል? የፈለገው ስሙን፣ ጥቂት ነጥቦችንና ድምሩን ነው፤ በአንድ አጭር መልእክት የሚያልቅ ነገር። ውጤት በዓመት አንድ ቀን የሚታይ ነውና እንዲህ ያለው ገጽ «ሁለተኛ ጊዜ» የሚባል ነገር የለውም።

ካሽ አይጠቅምም አላልኩም። የማይለወጠው ኮድ ከሚለወጠው ተለይቶ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ፣ ጽሑፉም ኮዱን ሳይጠብቅ ቀድሞ ሲታይ ጥሩ አገልጋይ ነው። ክብደትን መሸፈኛ ሲሆን ነው የምጣላው። ድረ ገጽ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ውሉ ላይ ስለ መልኩ አንድ ገጽ ሲጽፉ ስለ ኪሎባይቱ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ ርክክቡም ካሹ በጠፋ ርካሽ ስልክ ላይ ይሁን። ለዚህ ሠሪው ጃናሞራ ድረስ መሄድ የለበትም። ክሮም ውስጥ ኔትወርኩን ወደ 3ጂ የሚያወርድና ካሹን የሚዘጋ መፈተሻ አለ፤ በሁለት ጠቅታ ይከፈታል።