ማን ይምጣ አትበል፤ እንዴት ይውረድ በል!

ወገኔ፣ ዛሬ አንድ ፈተና ልስጥህ። አንቺም እህቴ ሞክሪው። ጎግል ሳታደርጉ፣ ከ1935 ዓ.ም. እስከ ዛሬ የነበሩትን የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች በቅደም ተከተል ጥሩ።

አምስት ከደረስክ ጎበዝ ነህ። አብዛኞቻችን መለስ፣ ኃይለማርያም፣ ዐቢይ ብለን እንቆማለን። ትንሽ ያነበበ አክሊሉን ይጨምራል። ዲግሪ በቦርሳ፣ ማኪያቶ በእጅ ይዘን ፒያሳ ቁጭ ብለን ስለ መንግሥት ለውጥ ስናወራ እንውላለን። የተለወጡትን ግን አናውቃቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ በምርጫ ተሸንፎ፣ ወንበሩን ላሸነፈው ተፎካካሪ አስረክቦ፣ በሰላም ቤቱ የገባ ማነው?

መልሱ፦ ማንም። አንድም ሰው የለም።

ይቺን "አንድም" ይዘን በሰፈራችን በእግር እንሂድ። ታሪኩ ሩቅ አይደለም፣ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ነው ያለው።

ጊዮርጊስ ጋ የምኒልክ ሐውልት ሥር ቁም። ያኔ እዚህ የአራዳ ገበያ ነበር። ጣሊያን መጥቶ ገበያውን ወደ መርካቶ ገፋው፣ ሰፈሩን ፒያሳ አለው፣ ሐውልቱንም አነሳው። ጣሊያን ሲባረር ሐውልቱ ተመለሰ፣ ፒያሳ የሚለው ስም ግን ቀረ። አየህ፣ መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚነካው ድንጋይና ስም ነው።

አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ወደ መርካቶ ስትወርድ የምትሻገረው ድልድይ በስማቸው ነው የሚጠራው። ሚኒስትር ነበረ እንጂ "ጠቅላይ" የሚባል አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መጣ፣ ፓርላማም መጣ፤ ሁሉም ግን ተጠሪነቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

የጠቅላይ ሚኒስትር ወንበር የመጣው በ1935 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የተቀመጡበት መኮንን እንዳልካቸው ናቸው፤ ልብ ወለድ የጻፉት ደራሲ ራሳቸው። ማዕረጉ የእሳቸው ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን ጉልበት የነበረው በጽሕፈት ሚኒስትሩ በወልደጊዮርጊስ ወልደዮሐንስ እጅ ነው። መኮንንን የሾሙት ንጉሡ ናቸው፣ ከ14 ዓመት በኋላ ያነሷቸውም ንጉሡ። ሕዝብ የሚባል ነገር በመካከል የለም።

ቀጥለው የሚኒስትሮች ምክር ቤቱን የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። አምስቱን ዓመት በሸዋ ጫካ ጣሊያንን ሲያርበደብዱ የኖሩ አርበኛ። ጣሊያን ያልገደላቸውን ሰው፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የገዛ ወገናቸው ገደላቸው። የት? ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። ስድስት ኪሎ የተማርክ ልጅ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ ማለት ነው። ፎቶ የተነሳህበት ደረጃ።

ያን ቀን አብረው ከተገደሉት አንዱ መኮንን ሀብተወልድ ናቸው፤ የእኛው የፒያሳው ሀገር ፍቅር ማኅበር መሥራች። ወንድማቸው አክሊሉ ሀብተወልድ ደግሞ በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ወንድም ተገድሎ ወንድም ይሾማል። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፣ የእኛ የመንግሥት ታሪክ ነው።

አክሊሉ የኤርትራን ጉዳይ በተባበሩት መንግሥታት የተከራከሩ ሰው ናቸው። ወደ 13 ዓመት ቆዩ። በየካቲት 1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ለቀቁ። የተተኩት በእንዳልካቸው መኮንን ነው፣ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ። አምስት ወር አልሞላቸውም፣ በሐምሌ ወርደው ሚካኤል እምሩ ገቡ። ሚካኤልም የራስ እምሩ ልጅ ናቸው፤ ራስ እምሩን ደግሞ የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት አድራጊዎች ለጥቂት ቀናት ጠቅላይ ሚኒስትር ብለዋቸው ነበር። ልብ በል፦ ሁለት አባት፣ ሁለት ልጅ። ሰፊ አገር፣ ጠባብ በር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አክሊሉም እንዳልካቸውም በዚያች ሌሊት ሄዱ። ተተኪውና የተተካው በአንድ ሌሊት። ቦታው ከርቸሌ ነበር፣ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት የቆመበት ግቢ።

ከዚያ ወንበሩ ራሱ ጠፋ። 13 ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል የለም፣ ደርግ ብቻ። በ1980 ዓ.ም. ኢሕዲሪ ሲታወጅ ፍቅረሥላሴ ወግደረስ ተሾሙ። ሁለት ዓመት ቆይተው ተነሱ፣ መንግሥት ሲለወጥ ታሰሩ፣ ሃያ ዓመት ገደማ እስር ቤት ኖሩ፣ "እኛና አብዮቱ" የሚለውን መጽሐፍም ጻፉ። በተጠባባቂነት የተተኩት ኃይሉ ይመኑ ደርግ ሲወድቅ ጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ተጠለሉ። አስበው! የአርበኞች አገር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ከገዛ ወገኑ ሸሽቶ ጣሊያን በር ሲያንኳኳ። ተስፋዬ ዲንቃ ደግሞ አንድ ወር ብቻ ሠሩ፤ ለንደን ለድርድር ሄደው ሳለ አዲስ አበባ በኢሕአዴግ እጅ ገባች።

በሽግግሩ ዘመን ታምራት ላይኔ መጡ። በኋላ በገዛ ድርጅታቸው ዘመን ታስረው ከአስር ዓመት በላይ ቆዩ። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ መለስ ዜናዊ፤ 17 ዓመት፣ እስከ ነሐሴ 2004፣ ከወንበሩ የወሰዳቸው ሞት ነው። ኃይለማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ለቀቁ፣ መጋቢት 24 ለዐቢይ አህመድ አስረከቡ።

አሁን እንደምር። ያሁኑን ሳንቆጥር 11 ሰው። ሦስት ተገደሉ። ሁለት ታሰሩ። አንድ ኤምባሲ ገቡ። አንድ ውጭ አገር ሳሉ መንግሥታቸው ወደቀ። አንድ ከነዙፋኑ ወረዱ። አንድ ሥልጣን ላይ ሞቱ። አንድ በንጉሡ ፈቃድ ተነሱ። አንድ በፈቃዳቸው ለቀቁ። በድምፅ ተሸንፎ የሄደ፦ ዜሮ።

"ምርጫ ነበር እኮ" ትለኝ ይሆናል። ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ፣ ቅንጅትም የከተማዋን ወንበሮች ጠቅልሎ ወሰደ ማለት ይቻላል። መጨረሻው ግን ደም ነው፤ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ለይቷል። አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ፤ ታላቅ ወንድምህን ጠይቀው።

"ኃይለማርያምስ?" ካልከኝ፣ እውነት ነው፣ ክብር ይገባቸዋል። በሕይወት እያሉ፣ ፓርላማ ውስጥ ቆመው ለተተኪያቸው ያስረከቡ ናቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያስለቀቃቸው የምርጫ ካርድ አይደለም፣ የዓመታት ተቃውሞ ነው። ተተኪውንም የመረጠው ፓርቲ ነው።

አሁን "ታዲያ እኔን ምን አገባኝ፣ እኔ ሥራ ነው ያጣሁት" እንዳትል። እሱን ነው የምነግርህ።

ፒያሳ ያለ አንድ አሮጌ ቤት አስብ። በንጉሡ ዘመን የግል ቤት ነው። በሐምሌ 1967 በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ፣ የቀበሌ ሆነ። ኢሕአዴግ መጣ፣ ቤቱ እዚያው፣ ጣራው ዛገ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ቤቱም ሄደ። እዚያ ቤት ተወልዳ ያረጀች አንዲት እናት ሳትንቀሳቀስ የአራት መንግሥት ሰው ሆነች፤ አንዱ የሰጣትን ሌላው ሲነሳት ኖረች። አንዱንም "አልፈልግህም፣ ውረድ" ብላ በድምፅዋ አላወረደችም።

እኔም በአቅሜ ቀምሼዋለሁ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ አስገባሁ፣ ተፈተንኩ፣ "እንደውልልሃለን" ተባልኩ። ወራት ቆይቼ ስሄድ ታፔላው ተቀይሯል። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ተዋህዶ አዲስ ስም ወጥቶለታል፣ የፈተኑኝ ሰዎች ሌላ ቦታ ተመድበዋል፣ ፋይሌ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ዘበኛው "አዲሱ አደረጃጀት ነው፣ ወንድሜ" አለኝ። ከዚያ ወጥቼ አራት ኪሎ ወረድኩና ጋዜጣ ተከራይቼ ክፍት የሥራ ቦታ ማንበብ ቀጠልኩ። አንተም እዚያ ቆመሃል፣ አውቅሃለሁ። ቀና ብትል ፓርላማው ይታይሃል።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ወርዶ ቤቱ መግባት የማይችል ሰው አይወርድም። ከፊቱ ያሉት ተረሽነው፣ ታስረው፣ ተሰደው ያየ ባለሥልጣን ወንበሩን እንደ ሕይወቱ ይይዛል። የሚመጣውም ከዜሮ ይጀምራል፤ ስም ይቀይራል፣ ፋይል ይጥላል፣ ያለፈውን ይረግማል። እኛ ደግሞ ስንገባ እናጨበጭባለን፣ ስንወጣ እንሳደባለን። በ1966 የእኛ እድሜ የነበሩት ልጆች አጨበጨቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ አብዮት እነሱን ራሳቸውን በላ። በ1983ም፣ በ2010ም ያጨበጨበ ነበር። ሁላችንም ስንጠይቅ የኖርነው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ማን ይምጣ?"

ጥያቄው ይቀየር። ማንም ይምጣ፣ እንዴት ነው የሚወርደው?

ሕገ መንግሥቱን ክፈት። አንቀጽ 70 ርዕሰ ብሔሩ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ፣ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ይከለክላል። ዋናው ሥልጣን ያለው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ነው። አንቀጽ 72ን አንብብ፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን የምክር ቤቱ ዘመን ነው ይላል፣ ስንት ጊዜ የሚለው ገደብ የለም። ሪባን ለሚቆርጠው ገደብ አለው፣ ጦር ለሚያዘው የለውም። ይህ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ፓርቲ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የምትወደው ቢሆንም፣ ነገ የምትጠላው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

አይቻልም እንዳትለኝ። ጋና አፍሪካ ውስጥ ናት። እዚያም ወታደር ገዝቷል፣ መሪ ተረሽኗል። ጆን ማሃማ ግን በፈረንጆቹ 2016 በምርጫ ተሸነፉ፣ አስረከቡ፣ ቤታቸው ገቡ። በ2020 ተወዳደሩ፣ ዳግም ተሸነፉ። በ2024 አሸንፈው ተመለሱ። ማንም አልረሸናቸውም፣ ኤምባሲም አልገቡም። መሸነፍ ሞት ስላልሆነ መመለስ ተቻለ።

ስለዚህ ከእኔና ካንተ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የወረደውን መሪ ማዋረድ እናቁም፤ ያጠፋ በፍርድ ቤት ይጠየቅ፣ በመንጋ ፍርድ ግን አይሁን። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ምርጫ የሚመጣ ዕጩ ሁሉ "የሥልጣን ዘመን ገደብ በሕግ እንዲገባ ትደግፋለህ ወይ?" ተብሎ ይጠየቅ፤ አዎ ወይ አይ ይበል። ሦስተኛ፣ ካርድ እናውጣ፣ በየጣቢያው ታዛቢ እንሁን። ሥራ የፈታ ተመራቂ ቢያንስ ጊዜ አለው አይደል?

አገር ወዳድ ማለት ባንዲራ ለብሶ አንዱን ማንገሥ ብቻ አይደለም። መሪ ሲቀየር የማይናወጥ አገር መፈለግ ነው። አድዋ ላይ የተዋደቁት ለአንድ ወንበር አልነበረም።

አንድ ቀን ተሸንፎ ያስረከበ ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ ጋጋታ ፒያሳ መጥቶ ቡና ሲጠጣ፣ አንተም አጠገቡ ተቀምጠህ "በዘመንዎ ያቺ ነገር ልክ አልነበረችም" ብለህ ስትከራከረው ማየት እፈልጋለሁ። ያን ቀን መንግሥት ተለወጠ እላለሁ። እስከዚያ ግን የተለወጠው ታፔላው ብቻ ነው።

የፈተናውን መልስ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ስሞቹን ለማያውቅ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!