ኦቲዝምና የዘረመል ምርምር፦ ከወቀሳ ወደ ድጋፍ

የኦቲዝም መንስኤ ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር የቆየ ጉዳይ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በምዕራቡ ዓለም ገንኖ የነበረው አስተሳሰብ ችግሩን እናት ለልጇ ፍቅር ከመንፈጓ ጋር ያያይዘው ነበር። በአገራችንም የእርግማን ውጤት አድርጎ የመመልከት ልማድ በመኖሩ፣ ልጆቻቸውን ከጎረቤት ዓይን ሰውረው በቤት ያኖሩ ወላጆች ጥቂት አይደሉም።

ይህን አመለካከት ከተፈታተኑት ጥናቶች ቀዳሚው ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪታንያ በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያካሄዱት ነው። ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች መካከል በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖራቸው፣ ከሁለት እንቁላል በተገኙት 10 ጥንዶች ግን ይህ በአንዱም አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነና በአምስት አገሮች የተወለዱ 2 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ያካተተ ጥናት ደግሞ፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። በመሆኑም እናትን በአስተዳደግ ጉድለት መውቀስ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።

ይሁንና ለሁሉም ኦቲዝም መንስኤ የሚሆን አንድ ጂን የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና ከ35 ሺህ በላይ ሰዎችን ዘረመል የመረመረ ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ለይቷል። አንዳንዶቹ ለውጦች በወላጆች ላይ የሌሉና በልጁ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታዩ ሲሆኑ፣ ሌሎች ደግሞ በማንኛውም ሰው ላይ የሚገኙና አነስተኛ ተጽዕኖ ያላቸው በርካታ ልዩነቶች ድምር ናቸው። ስለሆነም የደም ምርመራ ብቻውን ኦቲዝም መኖሩን አያረጋግጥም፤ ልየታው የሚከናወነው የልጁን ዕድገትና ባህሪ በመከታተል ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የጥናቶቹ ተሳታፊዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው መሆናቸው ነው። ከፍተኛ የዘረመል ብዝኃነት ያላት አፍሪካ በመረጃው ውስጥ ያላት ድርሻ አነስተኛ በመሆኑ፣ የምርምሩ ፍሬ ለአህጉሪቱ ልጆች በእኩል ደረጃ ላይደርስ ይችላል።

ድጋፍ ግን የምርምሩን መጠናቀቅ ሊጠብቅ አይገባም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲያቋቁሙ፣ የሰው ልጅን ዘረመል የማንበብ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እንኳ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ማዕከሉ መንስኤው ተለይቶ እስኪታወቅ ሳይጠብቅ ልጆችን ማስተማር ጀመረ። የጤናና የትምህርት ዘርፍ አመራሮችና ባለሙያዎችም ከዚህ ተሞክሮ በመነሳት ልየታው በወቅቱ እንዲከናወን፣ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን እንዲከፍቱ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።