የሁለት ቀን መሪዎች

የመንፈቅ ዓመት እረፍት ሲቃረብ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩት ወረቀት አለ። “የወጣቶች የአመራርና የቡድን ግንባታ ካምፕ” ይላል። ትራንስፖርት፣ ምግብ፣ ቲሸርትና ሰርተፍኬት በክፍያው ውስጥ ተካተዋል፤ ወላጅ ፈርሞ እስከ ዓርብ ይመልስ። ቦታው አንዳንዴ ላንጋኖ፣ አንዳንዴ ቢሾፍቱ፣ አንዳንዴ ሱባ ጫካ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ርቆ መሄድ ያልፈለገ ትምህርት ቤት እዚያው አፍንጫው ሥር ልጆቹን በገመድ ላይ አንሸራቶ ይመልሳል። ወላጅም ይከፍላል። ልጄ መሪ አይሁንብኝ የሚል ወላጅ የት ይገኛል?

ልጆች ከከተማ መውጣታቸውን የሚጠላ ሰው አይደለሁም። ይውጡ። ጭቃ ይርገጡ፣ ሌሊት ጅብ ሲጮህ ይስሙ፣ የስልካቸው ባትሪ አልቆ ይጨነቁ። የምቃወመው ይህ ሽርሽር መሪ ያፈራል መባሉን ነው። ለልጆቹ አንዲት የእውነት ኃላፊነት እንኳ ሳይሰጥ በሁለት ቀን መሪ አወጣሁ የሚል ፕሮግራም የሚያለማምዳቸው ሌላ ነገር ነው፤ የተባሉትን እየሳቁ መፈጸም።

ፕሮግራሙን ያየ ያውቀዋል። ጠዋት በፊሽካ ይነሳሉ። ቡድን ተከፍሎ ስም ይወጣላቸዋል፤ አንበሶችና ንስሮች የማይቀሩ ናቸው። ከዚያ ዓይንን ታስሮ በጓደኛ መመራት፣ ወደ ኋላ ወድቆ በጓደኞች እጅ መያዝ፣ ገመድ ጉተታ፣ አንድ ጋዜጣ ላይ ተጣቦ መቆም፣ በፓስታና በፕላስተር ማማ መሥራት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ክብ ሠርተው ይቀመጡና አሰልጣኙ ማይክሮፎኑን ጨብጦ “ከዚህ ምን ተማርን?” ይላል። መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው፦ መተማመን፣ መተባበር፣ ኮሚዩኒኬሽን። ልጆቹ ሞኞች አይደሉም፤ ሰውየው የሚፈልገውን ቃል ያቀብሉትና ያጨበጭባሉ። ሱባን ያህል ጫካ፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለትን ጽድ፣ ከራሳቸው በላይ የሚዘለውን ጉሬዛ ትተው በትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ሊጫወቱት የሚችሉትን ጨዋታ ተጫውተው ይመለሳሉ።

ከእንዲህ ዓይነት ካምፖች በአንዱ አጃቢ ወላጅ ሆኜ ሄጄ ነበር። የከሰዓቱ ርዕስ “አገልጋይ መሪነት” ነው። ልጆቹ በድንኳኑ ጥላ ተቀምጠው፣ አሰልጣኙ መሪ ማለት ከሁሉ በታች ዝቅ ብሎ የሚያገለግል ነው እያለ ሲያስረዳ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሁለት እናቶች አንድ ሳፋ ሙሉ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ነፋሱ ዞረና ጭሱ ወደ ልጆቹ መጣ። አንድ መምህር ብድግ ብሎ ሴቶቹን “እሳቱን ወዲያ አርቁልን” አላቸው። አንደኛዋ በነጠላዋ ጫፍ የድስቱን ጆሮ ይዛ አወረደች፣ ሌላዋ እንጨቱን ከነፍሙ እየጎተተች ወዲያ ወሰደች። ትምህርቱ ቀጠለ። አንድም ልጅ አልተነሳም፤ ይነሳል ብሎ የጠበቀም አልነበረም። ማታ ሳህኑን ያጠቡት እነዚያው እናቶች ናቸው። በማግስቱ ድንኳኑን የነቀሉትና ሜዳው ላይ የተበተነውን የውሃ ፕላስቲክ የለቀሙት ደግሞ የግቢው ሠራተኞች። ልጆቹ በዚያን ሰዓት ሰርተፍኬት ይዘው ፎቶ እየተነሡ ነበር።

የነገሩ ጀማሪዎች እንዲህ አላሰቡትም። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ባለችው ብራውንሲ ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሲሰፍር፣ የሀብታም ትምህርት ቤት ልጆችንና የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን ቀላቅሎ በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ ለየቡድኑም ከራሳቸው መካከል አለቃ ሰየመ። አለቃው ቡድኑ ለሠራውም ላልሠራውም የሚጠየቅ ልጅ ነበር። (ባደን ፓወል የቅኝ ገዢ ጦር መኮንን ነበር፤ ሐሳቡ ከዚያ የጸዳ ነው ማለቴ አይደለም። ያ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።) ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባው ጀርመናዊ መምህር ኩርት ሐን ደግሞ፣ ሎውረንስ ሆልት ከሚባል የመርከብ ኩባንያ ባለድርሻ ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በዌልስ አበርዶቪ የመጀመሪያውን የ“አውትዋርድ ባውንድ” ትምህርት ቤት ከፈተ። ጦርነት ነበር። ሆልትን ያስጨነቀው መርከብ ሲሰጥም ጠና ያሉት መርከበኞች በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሲቋቋሙት ወጣቶቹ ቶሎ እጅ ይሰጣሉ የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ ስልጠናው አንድ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ጀልባ መንዳት፣ ካርታ ማንበብ፣ የነፍስ አድን ሥራ፣ የተራራ ጉዞ፣ ለአካባቢው ሰው አገልግሎት መስጠት ነበረበት። ባሕሩ የምር ባሕር ነው፤ የተሳሳተ ልጅ ይረጥባል፣ ይበርደዋል፣ ጓደኞቹንም ያስበርዳል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ወሩ ሁለት ቀን፣ ባሕሩም የሪዞርት መዋኛ ሆነ።

በእንዲህ ያሉ የሜዳ ስልጠናዎች ላይ የተደረገ ጥናት የለም አልልም። የትምህርት ተመራማሪው ጆን ሃቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ዘጠና ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር፤ ጥቅም አለው ብለዋል፣ ያውም ካምፑ ካለቀ በኋላ የሚሰነብት ጥቅም። ይህን ደብቄ ብጽፍ ክርክሬ አይጠነክርም። ግን እዚያው ላይ ረጅሞቹ፣ ከሃያ ቀን በላይ የሚፈጁት፣ ከአጫጭሮቹ የበለጠ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። የእኛዎቹ አዘጋጆች በየብሮሹራቸው የሚጠሩት የረጅሙን ዝና ነው፤ የሚሸጡልን አጭሩን።

ስለ ውድድሩም አንድ ነገር ልበል፤ አንበሶችና ንስሮች ነጥብ ሲቆጠርላቸው ውለው ማታ ዋንጫ ይሰጣልና። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ ሃያ ሁለት ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ካምፕ አስገባ። ሽልማት ያለው ውድድር ሲጀመር ልጆቹ አንዱ የሌላውን ባንዲራ እስከማቃጠል ደረሱ። አብሮ መብላትም ሆነ አብሮ ፊልም ማየት አላስታረቃቸውም። የሰፈሩ ውሃ ሲቋረጥና ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሳ ሲል ግን ተጋግዘው ሠሩ። ችግሩን ሆን ብለው የፈጠሩት ተመራማሪዎቹ ነበሩ፤ ጥናቱም ለዚህ ዓይነቱ ማታለል ብዙ ተወቅሷል። ለልጆቹ ግን ጥሙ እውነተኛ ጥም ነበር። የእኛ ካምፕ ከዚህ ታሪክ የወሰደው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህን ሁሉ የምንከፍልላቸው ልጆች፣ ወይም ከአጥራቸው ውጭ ያሉት የሰፈር ልጆች፣ ነገሩን ያለ አሰልጣኝ የሚያውቁት መሆኑ ነው። የቡሄን ሰሞን ተመልከቱ። ነሐሴ ሲገባ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ለመጨፈር ይሰባሰባሉ። ድምፁ የጎላው፣ ግጥም የማያልቅበትና የቤቱን አባወራ ስም የማይረሳው አውራጅ ይሆናል፤ አውራጅ ልሁን ብሎ ሁለት ቤት ላይ ድምፁ የተዘጋበት በሦስተኛው ቤት በገዛ ፈቃዱ ወደ ተቀባዮቹ ይገባል። ከየትኛው ግቢ እንደሚጀመር፣ የትኛው ቤት ውሻ እንዳለው፣ የትኛዋ እመቤት ሙልሙል ብቻ ሰጥታ እንደምትሸኝ፣ የትኛው ዘበኛ ካልለመኑት በር እንደማይከፍት ይመክራሉ። ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ ያዡ ያጎደለ እንደሆነ በሚቀጥለው ዓመት ዱላ እንጂ ብር አያስይዙትም። ማታ ክፍፍሉ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል፦ ትንሹ ልጅ እኩል ይውሰድ ወይስ ግማሽ? ከመሃል የመጣውስ? ከሌላ ሰፈር ቡድን ጋር የተጣላውና ዱላው የተሰበረበትስ? ተጯጩኸው፣ ተኳርፈው፣ ተስማምተው ይለያያሉ። ለአዲስ ዓመት አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆችም እንዲሁ። እዚህ ላይ “ምን ተማርን?” ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ያጎደለ ይታወቃል፣ ያደላ ይታወቃል፣ በቃ።

በገጠር ከትምህርት ገበታ ቀርቶ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ አላሞግስም፤ የእሱ ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን ተራው ደርሶ በሬው የሰው ማሳ ከገባበት ማን እንደሚጠየቅ ያ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ያውቃል። የእኛ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የካምፑን አውቶቡስ የተከራየው ማን እንደሆነ አያውቅም።

ትምህርት ቤቶቻችን ራሳቸው ለልጅ የሚሰጡት ሥልጣን ምን ይመስላል? የክፍል አለቃ ሥራ መምህሩ ሲወጣ የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት በነበረበት ጊዜም የቡድን መሪው ሪፖርት አቅራቢ ነበር። የተማሪዎች ፓርላማ አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ንግግር ያደርጋል። በዚህ ላይ ሁለት ቀን ላንጋኖ ይጨመራል።

የማውቃቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከእንዲህ ዓይነት ካምፕ በተመለሱ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውሃ እንደሌለው ጽፈው፣ ከየክፍሉ ፊርማ አሰባስበው ለርዕሰ መምህሩ አስገቡ። ደብዳቤው ትህትና ያልጎደለው ነበር፤ አንብቤዋለሁ። ቀን ጽፈዋል፣ ስንት ቧንቧ እንዳለና ስንቱ እንደማይሠራ ቆጥረዋል፣ ውሃ በታንከር ቢመጣ እያሉ መፍትሔ ሁሉ አቅርበዋል። ካምፑ ሠርቷል ቢባል ይህ ብቻ ማስረጃው ነበር። የሆነው ግን ደብዳቤውን ያረቀቁት ሦስት ልጆች “ተማሪ በማሳደም” ወላጅ አምጡ መባላቸው ነው። አንደኛዋ እናት ልጇን በመምህራኑ ፊት ይቅርታ አስጠየቀቻት። ይቅርታ የጠየቀችው ልጅ ሰርተፍኬት ላይ “የነገዋ መሪ” የሚል ተጽፏል፤ የፈረመበትም ያው ርዕሰ መምህር ነው።

ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ጠባይ ብቻ አይደለም። በአገራችን ወጣት ኃላፊነት ይውሰድ ባዮች ወጣቱ ከምር ሲወስድ ይደነግጣሉ። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ እንዲያገለግል ተደረገ፤ አብዛኞቹ መምህር ሆነው በተማሪ የታጨቀ ክፍል ፊት ቆሙ። ያ አንድ ዓመት ነው፣ ሥራውም ሥራ ነበር። በ1967 ደርግ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። ዘመቻውን አላወድስም፤ ግዴታ ነበር፣ ተማሪውን ከከተማ ማራቅም አንዱ ዓላማው ነበር፣ ሕይወታቸውን ያጡ ልጆችም አሉ። ሆኖም በየካቲት የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ገበሬውን በማኅበር ለማደራጀት የተሠማሩት እነዚሁ ዘማቾች ነበሩ። ሥራውን ከምር ይዘው ከባለመሬቱና ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ሲጋጩ የላካቸው መንግሥት ፊቱን አጠቆረባቸው። የመጸዳጃ ቤቱ ደብዳቤ ትንሽ ነገር ነው፤ ድንጋጤው ግን ያው ነው።

ሰርተፍኬቱ የት እንደሚገባም አውቃለሁ። ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ፋይል ውስጥ። ይህን ወላጅም ልጅም ትምህርት ቤትም ያውቃል፤ እንዲህ ተብሎ ቢሸጥ እኔም ዝም እል ነበር። በፈረቃ የሚማረው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ፣ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት እናቱን በጉልት የሚያግዘው፣ ሒሳብ የሚይዘውና ከደንበኛ ጋር የሚከራከረው፣ ይህ ወረቀት የለውም።

ልጆችን በሜዳ ላይ ኃላፊነት ማለማመድ የሚሻ ትምህርት ቤት ካለ የሚያደርገው ቀላል ነው። የካምፑን ገንዘብ ለልጆቹ ይስጣቸው። ቦታውን እነሱ ይምረጡ፣ ከአውቶቡስ ባለቤቱ ጋር እነሱ ይከራከሩ፣ ሽንኩርቱን ከአትክልት ተራ እነሱ ይግዙ፣ በተራ ያብስሉ፣ ወጡ ካረረ ያረረውን ይብሉ። ገንዘቡ ቢተርፍ ምን ላይ እንደሚውል ይወስኑ፤ ቢጎድል ለወላጅ ስብሰባ ቆመው ያስረዱ። ደህንነትስ? የሚል ወላጅ ትክክል ነው። ስለዚህ መንገዱን፣ ሐይቁንና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን አዋቂ ይያዝ፤ ሌላውን ይልቀቅ። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። ልጆቹ ተሰብስበው ገንዘቡን ቆጥረው፣ ዘንድሮ ላንጋኖ ይቅርብንና በዚህ ብር የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ እናሠራ ብለው ቢወስኑ፣ የሚፈቅድላቸው ርዕሰ መምህር መኖሩን እጠራጠራለሁ።